«ማቋረጥ ይቅር» ያልንበት ቅዳሜ

ለጣና ምሥራቅ ባቡር መስመር ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ ባሕር ዳር

ሰኞ ኅዳር 8 ቀን በሰባታሚት የባቡር ማቋረጫ ግራና ቀኝ ሃያ ሁለት የአጥር ጉድጓዶች ተቆፍረው አለቁ። በማግሥቱ «ይህ ማቋረጫ ከታኅሣሥ 1 ቀን ጀምሮ ዝግ ነው» የሚል ሰሌዳ ተተከለ።

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲሱ ሲግናል እንከን የሌለበት፣ ቤተሰብዎ በሰላም ወጥቶ በሰላም የሚገባ፣ ጤና ጣቢያዎ ቅርብ፣ መንገድዎም ክፍት እንዲሆን በሰባታሚት ነዋሪዎችና በራሴ ስም ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣው ጽሕፈት ቤትዎ መልስ ነፍጎኝ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ መልስ አግኝቻለሁ። ሦስቱም መልሶች «ጉዳዩ በነዋሪው ሙሉ ስምምነት የተወሰነ ነው» የሚሉ ስለሆኑ፣ ያ ሙሉ ስምምነት እንዴት እንደ ተገኘ እርስዎም አንባቢም በአንድ ቀን ብታውቁት የሁላችንም ድካም ይቀንሳል ብዬ ነው።

ነገሩን ከሩቅ ለሚያነብ ሰው ያህል ቦታውን ላስረዳ። ከወረታ ተነሥቶ ባሕር ዳር የሚገባው ሐዲድ ሰፈራችንን ለሁለት ከፍሎት ያልፋል። ከሐዲዱ ወዲህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ እንኖራለን፤ ከሐዲዱ ወዲያ ጤና ጣቢያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ አስፋልቱና የመብራት ምሰሶዎቹ አሉ። መብራት ሐዲዱ ዳር ደርሶ ከቆመ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ወደ እኛ አልተሻገረም። እኛ ግን ስልክ ለመሙላት፣ እህል ለማስፈጨትና ለመታከም በየቀኑ ወደ እሱ እንሻገራለን። የምንሻገርበት ማቋረጫ አንድ ብቻ ነው።

ባቡሩ በናፍጣ በሄደባቸው አሥራ ሁለት ዓመታት ይህን ማቋረጫ የጠበቁት አቶ ቢያዝን ናቸው። አሠራራቸው ቀላል ነው። ከወዲያኛው ጣቢያ ተደውሎ «ወጣ» ሲባሉ «ተቀበልሁ» ብለው የብረቱን አግዳሚ ያወርዳሉ፣ ፊሽካ ይነፋሉ፣ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አይተው አረንጓዴ ባንዲራቸውን ለባቡሩ ያነሣሉ። ወሬ ይዛ ሐዲዱ መሐል የምትዘገይ ካለች «ሸዋዬ፣ ነይ ውጪ! ባቡሩ ነገርሽን እስክትጨርሺ አይቆምም!» ሲሉ ድምፃቸው ጤና ጣቢያው ድረስ ይሰማል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚህ ማቋረጫ የደረሰው ጉዳት አንድ አህያና የሁለት ባጃጅ መስታወት ነው።

አሁን መስመሩ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ እየተደረገ ነው። ከሐዲዱ በላይ ሃያ አምስት ሺህ ቮልት የሚሸከም ሽቦ ተዘርግቷል፤ በየተወሰነ ርቀትም ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የሚያበሩ አዳዲስ ሲግናሎች ቆመዋል። ሲግናሎቹ ባቡሩ የት እንደ ደረሰ ከሐዲዱ ራሱ እንደሚያውቁና እርስ በርሳቸው እንደሚነጋገሩ ተነግሮናል። ባቡሩም በሰዓት ከአርባ ኪሎ ሜትር ወደ መቶ ከፍ ይላል። ይህን ሁሉ እንደግፋለን። ለባቡሩ ሩጫ ሲባል የማቋረጫችን መዘጋት ግን የአንድ ጎረቤታችንን ሕይወት የሚነካ ስለሆነ ቅሬታችንን ከመዘርዘሬ በፊት እሱን ላስተዋውቅዎ።

ክንዱ ይባላል። ግንበኛ ነው፤ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የጤና ጣቢያውን የድንጋይ አጥር የገነባው እሱ ነው። ከመስከረም 12 ቀን ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ይወስዳል። መድኃኒቱ ለስድስት ወር፣ አንድም ቀን ሳይዘለል፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጤና ጣቢያ ተሄዶ ነርሷ ፊት የሚዋጥ ነው። ነርሷ ሲስተር ሊድያ ትባላለች፤ «መድኃኒት የሚዘል ሰው በሽታውን ያስተምረዋል፤ በሽታው ከተማረ ደግሞ መድኃኒቱን ይንቀዋል» ትላለች። ክንዱ እስከ ዛሬ ስድሳ አንድ ቀን ሳያጓድል ውጧል። ስሙን በጋዜጣ ለመጥራት ፈቃዱን ስጠይቀው «ጻፈው ጋሼ፤ ሳሌን እንደሁ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል፣ አሁን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ይስማው» ብሎኛል። ከቤቱ እስከ ጤና ጣቢያው በማቋረጫው በኩል ስድስት መቶ ሜትር ነው። በመሐል ሁለት ጊዜ አረፍ ብሎ ይደርሳል።

አሁን ቅሬታዎቻችንን፣ ወይም በእናንተ ቃለ ጉባኤ አጠራር «ገንቢ አስተያየቶቻችንን»፣ በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያችሁ አማርኛ ላመሰግን እወዳለሁ። በመስከረም አጋማሽ በቀበሌው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፦ «በሰባታሚት መስመር መብራት ስለሚገባና አዲስ የመብራት ምልክት ስለሚተከል፣ የአካባቢው ነዋሪዎች በሙሉ ቅዳሜ መስከረም 24 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በቀበሌው አዳራሽ እንድትገኙ።» አንድም የተሳሳተ ቃል የለበትም። የባቡር መስመር መብራት ይገባለታል፤ ሲግናልም የመብራት ምልክት ነው። ይሁን እንጂ አሥራ አንድ ዓመት በባትሪና በኩራዝ የኖረ ሰው «በሰባታሚት መስመር መብራት ይገባል» ሲባል የሚያየው ወደ ቤቱ ጣሪያ እንጂ ወደ ሐዲዱ አይደለም። «ምልክት» የሚለውንም ሠራተኞች ምሰሶ ከመትከላቸው በፊት መሬት ላይ የሚያደርጉት የኖራ ጭረት ነው ብለን ተረዳነው። «ስለ ባቡር ሲግናል እንወያይ» ብላችሁ ብትጠሩን ሠላሳ ሰው ባልመጣ ነበር። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊርማ ያገኛችሁት በዚያ ማስታወቂያ ነውና ጸሐፊው ሊሾም ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ፊርማው የተሰበሰበበት ሰዓት ነው። ቃለ ጉባኤውንና የስም ዝርዝሩን ጠይቄ ቅጂ ተሰጥቶኛል፤ ስለ ግልጽነታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁላችንም የፈረምነው አዳራሹ በር ላይ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ፣ ርእስ በሌለው ወረቀት ላይ ነው። ውይይቱ የተጀመረው ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ይኸውም ሰው ሁሉ የተስማማው ስለ ምን እንደሚነገረው ሳያውቅ፣ ከሃምሳ አምስት ደቂቃ በፊት ነው ማለት ነው። ፍጥነቱ ከአዲሱ ባቡር ይበልጣል።

ስለ ቁጥሩም ትንሽ እርማት አለኝ። በርበሬና ቅመም የሚነግዱት ወይዘሮ ነፊሳ ዓብደላ ለቆጣሪ ያመለከቱባቸውን የአሥራ አንድ ዓመት ወረቀቶች የያዘ ማኅደራቸውን ረስተው ስለነበር ወደ ቤት ተመልሰው አምጥተውታል፤ ሁለተኛ ሲመጡ በር ላይ የነበረው ሰው «ያልፈረመ አይገባም» ስላላቸው ሁለት ጊዜ ፈርመዋል። ስብሰባው በጄኔሬተር ይካሄድ ስለነበር ጄኔሬተሩን ያመጣው የራሳችሁ ሠራተኛም በተራ ቁጥር 94 ላይ ፈርሟል። ስለዚህ ሙሉ ስምምነቱ የሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ ሰው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ስለሚበልጥ ረዘም ቢል ይታገሡኝ።

ገለጻውን የሰጠን ወጣት ኢንጂነር ትሑትና ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለንም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በስክሪን እያሳየ ስለ ቀዩ፣ ስለ ቢጫውና ስለ አረንጓዴው መብራት አስረዳን። እየተወራ ያለው ስለ ባቡሩ መብራት መሆኑ እየቆየ ገባን፤ የእኛ ደግሞ ተራውን ጠብቆ የሚመጣ መስሎን በትዕግሥት ቆየን። ጥያቄ ሲፈቀድ ወይዘሮ ነፊሳ ማኅደራቸውን ታቅፈው ተነሡ፤ «አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ቀዩንም ቢጫውንም አረንጓዴውንም ሰማን፤ ነጩስ መቼ ነው የሚገባው?» አሉ። ኢንጂነሩ በአክብሮት «እናቴ፣ ነጭ በዚህ ዲዛይን ላይ የለም» አለ። አቶ ቢያዝን ከኋላ ሆነው «ከሃያ አምስት ሺሁ ላይ ሁለት መቶ ሃያ ብቻ ቆንጥሩልን፤ ባቡሩ አያውቅባችሁም» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ኢንጂነሩም ሳቀ። «ጥያቄው ተመዝግቧል» ብሎ አለፈ። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም።

አራት ሰዓት ከሃምሳ ሲሆን የጄኔሬተሩ ነዳጅ አልቆ ስክሪኑ ድንገት ጠፋ። አዳራሹ ውስጥ «አይ! ይኸው ጀመረ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ኢንጂነሩ ሳይረበሽ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የቀረችውን አንዷን ነጥብ እንዲህ ሲል አቀረበ፦ «በመጨረሻም፣ በመስመሩ ላይ ማቋረጥ ከእንግዲህ እንዲቀር የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።»

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ አማርኛችን ሀብታም ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ለሁለት ነገር አንድ ልብስ ያለብሳል። መንገድ የሚሻገር ሰው መንገድ ያቋርጣል። መብራት የሚያጠፋም መብራት ያቋርጣል። ከተማ የሚኖሩ ዘመዶቻችን መብራት በተቋረጠባቸው ቁጥር ሲማረሩ ስንሰማ ኖረናል፤ ያን ሰዓት ደግሞ በዓይናችን ፊት ገና አሁን ተቋርጧል። እናም አንድ መንግሥታዊ አካል በሕዝብ ፊት ቆሞ «በመስመሩ ላይ ማቋረጥ ይቅር ወይ?» ብሎ ሲጠይቀን፣ ገና ያልገባልን መብራት እንዳይቋረጥብን በሙሉ ድምፅ ወሰንን። ወይዘሮ ነፊሳ ሁለቱንም እጃቸውን ከነማኅደራቸው አነሡ። ክንዱ የዚያን ጊዜ ገና አሥራ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ጠዋት መድኃኒቱን ውጦ በማቋረጫው ተመልሶ፣ ነጠላውን በአፉ ላይ አድርጎ፣ በመስኮቱ አጠገብ ከውጭ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ እሱም እጁን በመስኮቱ አስገብቶ አወጣ። እኔም አወጣሁ፤ በጸሐፊነት ሙያዬ ቃል መመርመር ነበረብኝና ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ከሴቶቹ ወገን እልል ያሉ ነበሩ።

ቃለ ጉባኤው ገጽ 4 ላይ ይህን ሲመዘግብ «ነዋሪው የማቋረጫውን መዘጋት በእልልታ ተቀብሏል» ይላል። በሥራ ዘመኔ ብዙ ቃለ ጉባኤ አንብቤአለሁ፤ ሕዝብ መንገዱ ስለተዘጋ እልል ያለበትን ሳነብ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጽሕፈት ቤትዎም ይህ ነገር እንግዳ ሆኖበት «ምን ነካቸው?» ብሎ አለመጠየቁ በሕዝብ ላይ ያለውን ጥልቅ እምነት ያሳያል።

አራተኛ፣ ስለ ሲስተሙ። ጥቅምት 20 ቀን ሠራተኞች የአጥሩን መስመር ሊለኩ ሲመጡ ነው የተስማማንበትን ነገር ያወቅነው። በማግሥቱ አቶ ቢያዝን፣ ወይዘሮ ነፊሳና እኔ ፋሲሎ ድረስ መጥተን ነበር፤ እርስዎ ለመስክ ሥራ እንደ ወጡ ተነገረን። ያነጋገሩን ባለሙያ ኮምፒዩተራቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ ሐዲዱን ከዳር እስከ ዳር አሳይተው፣ «እንደምታዩት ማቋረጫው ሲስተሙ ላይ የለም» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ አልነበረም። በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ዓመት ሙሉ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» እየተባልን ኖረናል። አሁን፣ ምስጋና ለእናንተ፣ ሲስተሙ መጥቷል፤ የሌለነው እኛ ነን። ወይዘሮ ነፊሳ ደረጃውን ሲወርዱ «ሲስተም የለም ሲሉን ቢያንስ ነገ ተመለሱ ይሉን ነበር» አሉ።

አምስተኛ፣ ከጥቅምት 28 ቀን ጀምሮ ለሙከራ የበራው የማቋረጫችን ሲግናል ቀዩን እንዳበራ ስለሆነ፣ ዛሬ ከሐዲዱ ወዲህ ባለው ሰፈር በሙሉ የሚበራ መብራት እሱ ብቻ መሆኑን ለመረጃ ያህል እገልጻለሁ።

ስድስተኛ፣ ስለ ተሰጠን አማራጭ። የመጨረሻው ደብዳቤያችሁ «ነዋሪው በአቅራቢያው የሚገኘውን የመሸጋገሪያ ድልድይ እንዲጠቀም» ይመክራል። ድልድዩን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ድልድይ ነው። ከክንዱ ቤት በድልድዩ ዞሮ ጤና ጣቢያው ለመድረስ አምስት ኪሎ ሜትር ከአንድ መቶ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ አሥር ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ። ባጃጅ በዚያ መንገድ አይሠራም፤ ግማሹ የእርሻ ድንበር ነው። ማቋረጫው ከሚዘጋበት ከታኅሣሥ 1 ቀን እስከ መጨረሻዋ ክኒን ድረስ ክንዱ መቶ አንድ ቀን ይቀረዋል። መቶ አንዱን በአሥር ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ስናበዛው አንድ ሺህ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በእግር ደርሶ ለመመለስ የቀረበ ነው። በየስድስት መቶ ሜትሩ ሁለት ጊዜ የሚያርፍ ሰው ይህን እንዲሞክር የመከሩት፣ ምናልባት አዲስ አበባ ሲደርስ ለበላይ አካል አቤት እንዲል አስበውለት ይሆናል ብለን በበጎ ተርጉመነዋል።

«የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መድኃኒቱን ቤቱ ድረስ ታምጣለት» የሚል ሐሳብም ከአንድ የሥራ ባልደረባዎ ሰምተናል። መልካም ሐሳብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የምትኖረው ከሐዲዱ ወዲያ ነው።

ክንዱ መድኃኒቱን ያቋርጣል የሚል ሥጋት ያለው ካለ፣ እኔም አለኝ። ነገሩ የሚያስቀውም እዚህ ላይ ያበቃል። ባለፈው ሐሙስ አብሬው ሄጄ ነበር። ሐዲዱ ላይ ስንደርስ አቶ ቢያዝን አግዳሚውን ይዘው ቆሙና «ክንዱ፣ ቀስ በል፤ ገና አልተደወለም፣ ጊዜ አለህ» አሉት። እሱም «ጋሽ ቢያዝን፣ ከታኅሣሥ በኋላ ማን ነው ጊዜ አለህ የሚለኝ?» አላቸው። ጥያቄውን እንዳለ ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ።

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ የምንጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። በዚያው ስብሰባ አቶ ቢያዝን «የማቋረጫው በር ከሲግናሉ ጋር ሊታሰር አይችልም ወይ?» ብለው ነበር። ኢንጂነሩ «ይቻላል፤ በሩ ካልተዘጋ ባቡሩ አረንጓዴ አያገኝም፤ ሌላ አገር ይሠራበታል፤ ዲዛይኑ ላይ ስላልገባ ነው እንጂ» ሲል በሐቀኝነት መልሷል። ይህም ቃለ ጉባኤው ላይ የለም፤ ነገር ግን ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ ሰው ሰምቶታል። እንግዲህ በሩ ከሲግናሉ ጋር ይታሰር። እስኪታሰር ድረስ ባቡሩ በማቋረጫው ላይ በአርባ ይለፍ፤ አቶ ቢያዝንም ሥራቸው ላይ ይቆዩ። ሐዲዱ ላይ የት ባቡር እንዳለ የሚያውቅ ሲግናል፣ የት ላይ ሰው እንዳለ ለማወቅ አያንስም ብለን እናምናለን።

ያ ሙሉ ስምምነት ደግሞ ከኅዳር 9 ቀን ጀምሮ የለም። በዚያ ቀን ሁለት መቶ ስምንት ነዋሪዎች ፊርማችንን መልሰን መውሰዳችንን የሚገልጽ ደብዳቤ ለጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ቤት አስገብተን ቁጥር አሰጥተናል። የቀሩት ሃያ አንድ ሰዎች አጨዳ ላይ ናቸው፤ ሲመለሱ ይፈርማሉ። ይህኛው ደብዳቤ ከፊርማዎቹ በላይ ምን እንደምንፈርም የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አለው፤ እንዲህ ይላል፦ «እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው የሰባታሚት ነዋሪዎች በእግራችን ሐዲዱን የምንሻገርበት ማቋረጫ እንዳይዘጋ እንጠይቃለን።» «ማቋረጥ» የሚለውን ቃል ከነአካቴው ብንተወው ይሻል ነበር ያሉ ነበሩ፤ «በእግራችን» የሚለውን ጨምረን ተስማማን።

በመጨረሻ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለዕቅድ እንዲመቸው አንድ ነገር ከአሁኑ ላሳውቅ። ታኅሣሥ 1 ቀን ረቡዕ ነው። በዚያ ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ክንዱ ጤና ጣቢያው ይገኛል። በስድስት መቶው ሜትር በኩል ይሄዳል። እድራችን ተሰብስቦ በየጠዋቱ አርባ ሰው አብሮት እንዲሄድ ተራ አውጥቷል፤ ካልቻለ የምንሸከምበት ቃሬዛ ተዘጋጅቷል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ተራ የደረሳቸው ሰዎች ስምም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው። ድንጋይ አንወረውርም፣ ሽቦ አንቆርጥም፣ ምሰሶ አንነቅልም። እንሄዳለን። አጥር ካገኘን አጥሩ ሥር እንቆማለን፤ አርባ ሰውና አንድ ቃሬዛ ሐዲድ ዳር ቆመው ሲያይ ባቡሩ በመቶ ያልፍ እንደሆነ ወይም ሲግናላችሁ ቀይ ያበራ እንደሆነ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። መቶ አንድ ቀን እንዲህ እናደርጋለን። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ይታመማል።

ለሰጡን ማስታወቂያ፣ ለቃለ ጉባኤው ቅጂ፣ ለድልድዩ ምክርና ስለ እልልታችን ላሳዩት እምነት ያለኝን ምስጋና ደግሜ እየገለጽሁ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ወደ መኖሪያዎ የሚወስደው መንገድ ዘወትር አጭር እንዲሆን በመመኘት፣ በኮምፒዩተርዎ ላይ ባልኖርም ከሐዲዱ ወዲህ በአካል የምገኘው፣ አክባሪዎ

ፍሬ ስብሐት ቢያድግልኝ
ሰባታሚት፣ ኅዳር 12 ቀን

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ነፊሳ ዓብደላ፣ ማኅደራቸው ውስጥ እንዲያስቀምጡት

ማስታወሻ፦ የጽሕፈት ቤትዎ ማኔጅመንት ኮሚቴ ጉዳያችንን የሚያየው ማክሰኞ ኅዳር 23 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት መሆኑን ከጸሐፊዎ ተረድቻለሁ። ክንዱ የሰባ ሁለተኛ ቀን መድኃኒቱን ሦስት ሰዓት ላይ ከዋጠ በኋላ በቀጥታ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ይደርሳል። ሲስተር ሊድያ የአክታው ምርመራ ነጻ መሆኑንና በሽታውን ወደ ሌላ ሰው እንደማያስተላልፍ የሚገልጽ ወረቀት ጽፋለታለች፤ ስለዚህ የአዳራሹን መስኮት መክፈት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ወንበር ነው፤ ጽሕፈት ቤትዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነና አሳንሰሩም ስለማይሠራ፣ ደረጃውን ወጥቶ እስኪያርፍ ድረስ ኮሚቴው ትንሽ ይጠብቀው። ውሳኔው በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ይነገራል ተብሏል።